አፕዴቱን አታጥፉ፦ ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከወዲህም ከወዲያም ደርሶኛል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚከታተል ባለሙያ ነው። ከሥሩ "እውነቱን ነው" ብሎ ጽፎበታል። መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት ይህን ሳይ ነው።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ቋንቋው ይጥማል፣ የጸሐፊው ንዴትም የእውነት ነው። ፍሬ ሐሳቡን ላሳጥረው። ቫይረስ የሚሠሩት አንቲቫይረስ ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው ይላሉ። ቀጥለው፣ ቫይረስ የሚገባው ያልታወቀ ፋይል በሚነካካ ሰው ጥፋት ነው፤ ካልነካችሁት አይነካችሁም ይላሉ። ሦስተኛው ሐሳባቸው በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ወይም ማክ የሚጠቀም ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው የሚል ነው። አራተኛው ምክር ነው፦ አፕዴት ዳታ ከመብላትና ኮምፒውተር ከማንቀርፈፍ ሌላ ጥቅም የለውምና አጥፉት። በመጨረሻም፣ የቫይረስ ወረርሽኝ የድሮ ወሬ ነው፤ ደግሞ በእኛ ኢንተርኔት የትኛው ቫይረስ ይሮጣል ብለው ይደመድማሉ።

አራቱ ሐሳቦች ቢሳሳቱም ብዙ አይጎዱም። ስለ አፕዴቱ የሰጡት ምክር ግን ሰው ይጎዳል። እዚያ እስክደርስ በራሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"በሽታውን ይለቃሉ፣ መድኃኒቱን ይሸጣሉ" የሚለው ወሬ አዲስ አይደለም። ችግሩ የብዙዎቹ ዝነኛ ቫይረሶች ሠሪዎች መታወቃቸው ነው። በ1986 በፒሲዎች ላይ የተዛመተው የመጀመሪያው ቫይረስ ብሬይን ይባላል። የሠሩት በፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ሶፍትዌር የሚሸጡ ወንድማማቾች ናቸው። ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን ኮዱ ውስጥ አስቀምጠውታል። በድብቅ ሊነግድ ያሰበ ሰው ስልኩን ጽፎ አይሄድም።

በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ኢንተርኔትን ያንበረከከውን ቫይረስ ደግሞ የለቀቀው ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች 60,000 ገደማ ናቸው። 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ተገምቷል። ልጁ ተከሶ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። አባቱ በአሜሪካው የስለላ ተቋም በኤንኤስኤ ውስጥ የኮምፒውተር ደህንነት ሳይንቲስት ነበሩ። ሴራ ለሚፈልግ ሰው ጮማ ወሬ ነው። እሳቸውም ግን አንቲቫይረስ አይሸጡም።

በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው "አይ ላቭ ዩ" የመጣው ከማኒላ ነው። የሠራው ኦኔል ደ ጉዝማን የሚባል የኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ ነው። የኢንተርኔት መክፈያ ስላልነበረው የሰው ፓስወርድ መስረቅ ነበር የፈለገው። የፊሊፒንስ ሕግ ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር ወንጀል ስለማይል ሳይከሰስ ቀረ። ሕጉ የወጣው በማግስቱ ማለት ይቻላል። በ2004 ሳሰር የተባለውን የጻፈው ደግሞ ገና 17 ዓመቱ የነበረ ጀርመናዊ ነው።

ከወሬው ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። አንቲቫይረስ ሠሪዎች አንድ ማኅበር አይደሉም። ሩሲያ፣ አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ስሎቫኪያ፣ ሮማኒያ ውስጥ ያሉ ተፎካካሪዎች ናቸው። ሁሉም ያንኑ ቫይረስ ፈትተው ያነብባሉ። አንዱ ተፎካካሪው ቫይረስ ሲሠራ ቢይዘው ያ ድርጅት ያለቀለት ነው። የኢራንን የኒውክሌር ማዕከል ያጠቃውን ስታክስኔትን በ2010 ያገኘው አንድ አነስተኛ የቤላሩስ ኩባንያ ነው። ትልልቅ መንግሥታት ሠሩት የሚባለውን ነገር ያገኘ ገበያ የጎረቤቱን ምስጢር ለዓመታት አይደብቅም።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ግን አልልም። በ2016 ሚራይ የተባለውን ቫይረስ ከሠሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ሁለቱ ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚከላከል አነስተኛ ድርጅት ነበራቸው። በአንድ እጃቸው እያጠቁ በሌላው ጥበቃ ይሸጡ ነበር ማለት ነው። የሳሰሩን ልጅም የጀርመን የደህንነት ኩባንያ ቀጥሮታል። በ2009 ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ በያዛቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ጭኖ "ተበክለሃል፣ ክፈል" ይል ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። ከእነዚህ ተነስቶ "ሁሉንም የሚሠሩት እነሱ ናቸው" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ካልነካችሁት አይነካችሁም" ወደሚለው ልለፍ። ግማሹ ልክ ነው። "አይ ላቭ ዩ" ሰው ካልከፈተው አይሠራም ነበር። ኢሜይሉ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ይዞ ይመጣል። ስሙ በ"ቲኤክስቲ" ያለቀ ስለሚመስል ተራ ጽሑፍ ነው ብለህ ታምናለህ። ከዚያ በኋላ "ቪቢኤስ" የሚል ሌላ ቅጥያ ነበረው፤ ፕሮግራም መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ዊንዶውስ ግን የሚያውቃቸውን የፋይል ቅጥያዎች ስለሚደብቅ ያ መጨረሻ አይታይም። ከፋቹን ሞኝ ማለት ይቀላል። ስክሪኑ ላይ ያልታየውን ግን ማን ያነብባል? የተከፈተው ፋይል አድራሻ ደብተርህን ይዞ ለምታውቃቸው ሁሉ በስምህ ይላካል። የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይቀር ኢሜይሉን ለመዝጋት ተገዶ ነበር።

የቀረው ግማሽ ግን ስህተት ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2003፣ በእኛ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስላመር የተባለ ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ሙሉ መጠኑ 376 ባይት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዛሬው ኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ስላመር ከ125 የአማርኛ ፊደል አይበልጥም፤ አንዲት መካከለኛ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ፋይል የለውም፣ ኢሜይል የለውም፣ የሚከፈትም የሚጫንም ነገር የለውም። በአንዲት የኔትዎርክ ጥቅል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሰርቨር (መረጃ አከማችቶ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርብ ፕሮግራም) ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ሆኖ ራሱን በዘፈቀደ ወደመጡለት አድራሻዎች መተኮስ ይጀምራል። መልስ እንኳ አይጠብቅም። መጀመሪያ ላይ የያዛቸው ማሽኖች ብዛት በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ይሆን ነበር። በዓለም ላይ ሊያዙ ከሚችሉት ሰርቨሮች 90 በመቶ ያህሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተያዙ።

ደቡብ ኮሪያ ኢንተርኔቷ ተዘጋ። የባንክ ኦፍ አሜሪካ ኤቲኤሞች ብር መስጠት አቆሙ። በኦሃዮ የዴቪስ ቤሲ የኒውክሌር ጣቢያ የደህንነት መቆጣጠሪያ ስክሪን ለአምስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ደግነቱ ጣቢያው ያን ጊዜ ሥራ አቁሞ ነበር። እዚህ ውስጥ "ያልታወቀ ፋይል የነካ" ሰው ማን ነው? ያ ዳታቤዝ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተዳብሎ ስለሚጫን ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

ወረርሽኝን የሰው ጥፋት ብቻ ማድረግ የማልወደው ለዚህ ነው። በየቢሮው ቫይረስ ሲገባ መጀመሪያ የምትወቀሰው ጸሐፊዋ ናት። ያንን ኮምፒውተር ለዓመታት ሳያይ የተወው ኃላፊ አይጠየቅም።

የሊነክስና የማክ ነገር በአጭሩ ያልቃል። የ1988ቱ የሞሪስ ቫይረስ የያዘው ዊንዶውስን አይደለም፤ የሊነክስ የሥጋ ዘመድ የሆነውን ዩኒክስን ነው። ሚራይ ደግሞ የሚሮጠው ሊነክስ ላይ ነው። የደህንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ይፈልጋል፤ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን ፓስወርድ ይሞክራል፣ ይገባል። በኦክቶበር 2016 እንዲህ የተያዙ ዕቃዎች ድረ ገጾች በስማቸው እንዲገኙ የሚያደርገውን ዳይን የተባለ ኩባንያ በጥያቄ አጥለቅልቀው ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ሱቃችሁ ላይ የተሰቀለችው ካሜራ ፓስወርዷ እስካሁን "አድሚን" ከሆነ ይህ አንቀጽ ለእናንተ ነው። በ2012 ደግሞ ፍላሽባክ የተባለ ቫይረስ ከ600,000 በላይ ማኮችን ያዘ። የገባው ጃቫ በተባለው የኦራክል ኩባንያ ፕሮግራም ቀዳዳ፣ ማለትም አጥቂ ሊገባበት በሚችል ስህተት ነው። ኦራክል ቀዳዳውን በፌብሩዋሪ ደፍኖት ነበር፤ አፕል ግን ያንን ለደንበኞቹ ያደረሰው በኤፕሪል ነው። በመሃል ያለችው ጊዜ በቃችው። ሊነክስና ማክ ላይ ቫይረስ ያነሰ መሆኑ ግን እውነት ነው፣ አልክድም።

"በመሃል ያለችው ጊዜ" ያልኩት ወደ ዋናው ጉዳይ ያስገባናል። አፕዴት ጥቅም የለውም ለሚሉት ጸሐፊ አንድ ጥያቄ አለኝ። የትልልቆቹን ወረርሽኞች ቀን ከመድኃኒታቸው ቀን ጋር አስተያይተው ያውቃሉ?

ኮድ ሬድ በጁላይ 2001 በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 359,000 ሰርቨሮች ያዘ። የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ አፕዴት የወጣው በጁን ነበር። የስላመር መድፈኛ ከወረርሽኙ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 2002 ወጥቷል። ብላስተር ኦገስት 11 ቀን 2003 ተነሳ፤ መድፈኛው በጁላይ 16 ነበር። የኮንፊከር መድፈኛ በኦክቶበር 23 ቀን 2008 ወጣ፣ ቫይረሱ በኖቬምበር መጣ። በሁሉም ታሪክ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ደርሷል። የተያዙት ያልጫኑት ናቸው።

ትልቁ ምሳሌ ዋናክራይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ኤንኤስኤ በዊንዶውስ ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ ለራሱ ስለላ ደብቆ ሲይዘው ነው። መሣሪያው ከተቋሙ እጅ ወጣ፤ ኤፕሪል 14 ቀን 2017 ማንነቱ ያልታወቀ ቡድን አደባባይ ላይ ዘረገፈው። ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 12፣ አሜሪካና እንግሊዝ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ናቸው ያሏቸው አጥቂዎች ያንኑ መሣሪያ ይዘው መጡ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይሄ ነው። ቫይረሱ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ። በእንግሊዝ ከ236ቱ የመንግሥት ሕክምና ተቋማት ቢያንስ 80ው ሥራቸው ታወከ፤ በአንዳንድ ቦታ ድንገተኛ ሕመምተኞች ወደ ራቀ ሆስፒታል ተላኩ። በኋላ የአገሪቱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሲመረምር፣ በቫይረሱ የተያዙት ሁሉ ያልተጠገነ ወይም ድጋፉ ያለቀ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ሆነው ተገኙ። መጠገኛው የወጣው ማርች 14 ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ነበራቸው።

ስርጭቱ የቆመበት መንገድም ይገርማል። አንድ ወጣት እንግሊዛዊ የደህንነት ባለሙያ ቫይረሱ ራሱን ከማሰራጨቱ በፊት አንድ የተዘበራረቀ ስም ያለው ድረ ገጽ መኖሩን እንደሚጠይቅ አየ። ድረ ገጹ የለም። ስሙን በ10.69 ዶላር ገዝቶ አስመዘገበው። ቫይረሱ ድረ ገጹን ሲያገኘው መሰራጨቱን ተወ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

አፕዴትን ማጥፋት ከምናስበው በላይ አደገኛ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። አፕዴት በወጣ ቀን አጥቂውም ያወርደዋል። አሮጌውን ፋይል ከአዲሱ ጋር ያስተያያል። የተለወጠው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ መድፈኛ ሲወጣ የጫነው ሰው ይድናል፤ ያልጫነው ግን ከትናንትናው የባሰ ተጋልጧል፤ ትናንት ጥቂቶች የሚያውቁትን ቀዳዳ ዛሬ ሁሉም አውቆታል።

ጸሐፊው ግን የሚሉት አላቸው። አፕዴት ራሱ መርዝ ሆኖ ያውቃል። ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተነሳው በዩክሬን በሰፊው ከሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ ነው። በ2020 ሶላርዊንድስ የተባለ ኩባንያ የተበከለ አፕዴት ለ18,000 ገደማ ደንበኞቹ ደርሷል። በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የለቀቀው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውሶችን በአንድ ቀን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ። ያኛው ቫይረስ ሳይሆን ስህተት ነው፤ ውጤቱ ግን ለተጎዳው አንድ ነው። እነዚህን አቃልዬ አላያቸውም። የመሥሪያ ቤት ባለሙያ አፕዴትን መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ሞክሮ ከቀናት በኋላ ለሁሉም ቢያደርስ ትክክል ነው። ቀናት ማለት ግን ለዓመት ማጥፋት ማለት አይደለም።

ዳታው ይበላል የሚሉትም ልክ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ሰው አፕዴት ኪስ ይጎዳል። ጸሐፊው "አጥፉት" ከሚሉ ይህን ቢሉ ግን ይሻል ነበር፦ ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩን ወይም ሆትስፖቱን "ሜትርድ" (በዳታ ልክ የሚከፈልበት) አድርጉት፤ ያኔ አብዛኛውን ነገር ሳይጠይቃችሁ አያወርድም። ከዚያ በወር አንድ ቀን የመሥሪያ ቤት ወይም የካፌ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱት። ብዙ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ከሆነ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትዎርክ እንዲቀባበሉ የሚያደርግ ቅንብር ዊንዶውስ ውስጥ አለ። "ክራክ ስለሆነ ይታወቅብኛል" ለሚለውም፣ ማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴቶችን ፈቃድ ለሌለውም ዊንዶውስ ሲሰጥ ኖሯል። እንዲያውም "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ" ከሚል መመሪያ ጋር የሚመጣው ክራኩ፣ ፈቃዱን የሚሰብረው ፕሮግራም ራሱ ነው የሚያስፈራኝ።

"የድሮ ወሬ ነው" ከሚለው ውስጥም ትንሽ እውነት አለ። እንደ ብላስተር ዓለምን በአንድ ሳምንት የሚያዳርስ ቫይረስ ቀንሷል። ለምን ቀነሰ? በ2004 ዊንዶውስ ኤክስፒ ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው ጥበቃ) ከመነሻው እንዲበራ ተደረገ። በ2011 ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሳበት መንገድ በአፕዴት ተዘጋ። አፕዴትም በራሱ መውረድ የተለመደ ሆነ። ጸጥታው የመጣው ጸሐፊው አጥፉ በሚሉት ነገር ነው።

"በእኛ ኢንተርኔት የትኛው ቫይረስ ይሮጣል" የሚለው ቀልድ ጥሩ ነው፣ ስቄያለሁ። ቫይረስ ወደ እኛ በብዛት የመጣው ግን በፍላሽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማተም ጽሕፈት ቤት የሄደ ተማሪ ያውቀዋል። ፍላሹ ተሰክቶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ቀስት ያለበት ሾርትከት ሆነዋል። መጠናቸው አንድ ሁለት ኪሎባይት ነው። ትክክለኛው ፎልደር አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን ስትጫነው መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍትልሃል። ፋይልህ ስለተከፈተ ምንም የሆነ አይመስልህም። ከዚያ የቤትህ ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለህ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ለጸሐፊው የሚደላ አንድ ታሪክ ግን ልጨምር። ኖትፔትያ የመርከብ ድርጅቱን መርስክን ሲመታ የኩባንያውን ኔትዎርክ የሚመሩ ቁልፍ ሰርቨሮች በመላው ዓለም ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና። ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። የጋናው መስመር ቀርፋፋ ስለሆነ ዳታውን ወደ እንግሊዝ መላክ ቀናት ይፈጃል። የጋና ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዱ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ኤርፖርት ድረስ በረረ፣ እዚያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፣ እሱ ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። ኩባንያው 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ ጭኖ ቆመ። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። መብራት መጥፋት አድኗል። እንደ መከላከያ ዘዴ ግን አልመክረውም፤ በዚያው ቀን መብራት የነበራቸው ሁሉ ተይዘዋልና።

አሁን በየጽሕፈት ቤቱና በየቢሮው ያለው ኮምፒውተር ብዙው ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተመዝግቦ የደህንነት አፕዴቱን ለአንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን የሚሸከሙ አይደሉም፤ አዲስ መግዛትም በዛሬ ዋጋ ቀላል አይደለም። ለእነሱ ሊነክስ መጫን ጥሩ መፍትሔ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከጫኑት በኋላ አፕዴቱን እስካላጠፉት ድረስ።